ፎርሃንድ ስመታ ክንዴን ልዘርጋው ወይስ ልጠፈው? ግራ ገብቶኛል

መረብ_መቺ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ወሬ ሳላበዛ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ቴኒስ ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። ባክሃንዴ ደህና ነው፣ ሰርቬም ክፉ አይደለም፣ ፎርሃንዴ፣ በመምቻ እጄ በኩል የምመታው ምት ማለቴ ነው፣ ግን አልሆን ብሎኛል። ለስለስ አድርጌ ስመታ ኳሷ ትገባለች። ጠንከር አድርጌ ልምታ ስል ወይ መረብ ላይ ትቀራለች፣ ወይ የኋላውን መስመር አልፋ አጥሩ ሥር ትገኛለች። መሃል የሚባል ነገር የለም።

ሰሞኑን የባለሙያውን ተጫዋች የአልካራዝን ፎርሃንድ በዝግታ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ራኬቱ ኳሷን በሚያገኝበት ቅጽበት ክንዱ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ፌደረርም እንደዚያ ነበር፣ ናዳልም እንደዚያው። ራሴን በስልክ ቀርጬ ሳየው ደግሞ ክርኔ ታጥፎ ጎኔ ላይ ተጣብቋል። በቃ ችግሬ ይሄ ነው ብዬ ክንዴን ዘርግቼ መምታት ጀመርኩ። ጭራሽ ባሰ! ኳሷ የራኬቱን ጠርዝ እየነካች ወደ ጎን ትፈናጠራለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ክርኔን ከውስጥ በኩል ይጠዘጥዘኛል።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አብሮኝ የሚጫወት አንዱ «ኳሷን ስትነካ የእጅህን አንጓ ወደፊት ቀልበስ አድርገው፣ ኃይሉ እዚያ ነው ያለው» ይለኛል። ሌላው «አንጓህ ንቅንቅ እንዳይል» ይለኛል። ሁለቱም ያሸንፉኛል፣ ስለዚህ ማንን ልስማ? ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ የትኛው መቼ ምን እንደሚሠራ ረጋ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። የምጫወተው በቀኝ እጄ ነው።

ቤዝላይን፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው አልካራዝን ተወው።

ክንድ ዘርግቶ መምታትም አጥፎ መምታትም ያስኬዳል። ዘርግተው ከሚመቱት አንተ የጠራሃቸው አሉ፣ ቬርዳስኮም ነበር። አጥፈው ከሚመቱት ደግሞ ጆኮቪች አለ፣ በፊት አጋሲ፣ ሳምፕራስ፣ መሬይ ነበሩ። የጆኮቪችን ፎርሃንድ አይቶ «ክርኑ ባይታጠፍ ኖሮ ጥሩ ይመታ ነበር» የሚል ሰው ካለ አሳየኝ።

ልዩነቱ ርቀቱ ላይ ነው። ክንድህን ከዘረጋህ ኳሷን የምታገኛት ከሰውነትህ ራቅ ብላ፣ ከፊትህም ይበልጥ ወጣ ብላ ነው። ትከሻህ በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ ከትከሻህ እስከ ራኬቱ ፊት ያለው ርዝመት ስለጨመረ ራኬቱ ይፈጥናል። ጥቅሙ እሱ ነው። ዕዳውስ? ማስተካከያ አይኖርህም። ክርንህ ትንሽ ታጥፎ ከሆነ ኳሷ ከጠበቅከው በላይ ብትቀርብህ ይበልጥ አጠፍ፣ ብትርቅህ ዘርጋ አድርገህ ታመልጣለህ። ክንድህ ቀድሞ ተዘርግቶ ካለቀ ግን የቀረህ እግርህ ብቻ ነው። እነ አልካራዝ ከመምታታቸው በፊት እግራቸውን ተመልከት፣ ጠብ ጠብ እያሉ በትንንሽ እርምጃ ቦታቸውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያስተካክላሉ። እኔና አንተ ተገትረን እንጠብቅና ኳሷ ስትደርስ በእጃችን እንፈልጋታለን። የራኬቱን ጠርዝ የምትመታውም ለዚህ ነው።

ደግሞ እነሱ ክንዳቸውን አስበው አይዘረጉትም። ክንዱ ፈታ ያለ ስለሆነ ወገባቸው ሲዞር ራኬቱ በክብደቱ ወደ ውጭ ይጎትተውና ይዘረጋል። አንተ ግን በጡንቻ ገትረኸዋል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ የመቺው ክርን ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ክርንህ ጎንህ ላይ መጣበቁ ግን እውነትም ችግር ነው። እሱን ለማስተካከል ታዲያ እስከ መጨረሻው መዘርጋት አይጠበቅብህም። በክርንህና በጎንህ መካከል አንድ ሁለት የቴኒስ ኳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ይበቃል።

ግራኙ፦

ቤዝላይን ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት አያያዝህን ብትነግረን ደስ ይለኛል፣ እሱን ሳናውቅ ስለ ክንድህ ብናወራ ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

እንዴት እንደምታየው ልንገርህ። የራኬት እጀታ ስምንት ገጽ አለው። የራኬቱን ፊት ወደ ጎን አድርገህ አቁመውና ከላይ ያለውን ገጽ 1 በለው፣ ከዚያ ከእጀታው ግርጌ በኩል እያየህ በሰዓት ዙር አቅጣጫ ቁጠር። የሌባ ጣትህ ሥር 2ኛው ገጽ ላይ ካረፈ ኮንቲኔንታል ይባላል፣ 3ኛው ላይ ኢስተርን፣ 4ኛው ላይ ሰሚ ዌስተርን፣ 5ኛው ላይ ዌስተርን። እንደኔ ግራኝ ከሆንክ ቆጠራው በተቃራኒው ነው።

ብዙ ሰው ፎርሃንዱን በሰርቭ አያያዝ፣ ማለትም በኮንቲኔንታል ይመታና ኳሷ ስትበርበት ክንዱን ይወቅሳል። በዚያ አያያዝ የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ መከፈት ይወዳል። ኳሷን ደግሞ ዘግየት ብለህ ሰውነትህ አጠገብ እንድታገኛት ያስገድድሃል። ወደ ሰሚ ዌስተርን በሄድክ ቁጥር ግን የመምቻህ ቦታ ወደፊትና ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ያው ክንድ፣ ያው ሰው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ፌደረር ወደ ኢስተርን የተጠጋ አያያዝ ነበረው። ሽቴፊ ግራፍም በኢስተርን ነው ያንን ሁሉ ሰው ስታስጨንቅ የኖረችው። ናዳል ሰሚ ዌስተርን፣ ሽቪዮንቴክ ከዚያም አልፋ ወደ ዌስተርን። ስለዚህ አንድ ትክክለኛ አያያዝ አለ የሚልህን አትስማው። ኮንቲኔንታል ሆኖ ካገኘኸው ግን ዛሬውኑ ቀይረው።

በነገራችን ላይ በግራ እጁ ይጫወት የነበረው ናዳል የሚጽፈው በቀኝ እጁ ነው። ለእኛ ለእውነተኞቹ ግራኞች ይሄ ትንሽ ያማል።

ኮቿ፦

ሰላም ወንድሜ። ሥራዬ ማሠልጠን ነው፣ የአንተ ዓይነት ፎርሃንድ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። ረዘም ያለ ነው፣ ታገሰኝ።

ኃይሉ ከክንድህ አይመነጭም። ከመሬት ተነሥቶ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ትከሻ እየተቀባበለ ይመጣና ክንድህ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ክንድ ተራውን አልጠብቅም ሲል ነው። አንተ «ጠንከር ላድርግ» ስትል መጀመሪያ የሚነቃው ክንድህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለስላሳው ምት የሚገባልህም ያን ጊዜ ሌላው ሰውነትህ ተራውን ስለሚያገኝ ነው።

እንግዲህ ከዝግጅቱ እንጀምር። ኳሷ ወደ ፎርሃንድህ መምጣቷን እንዳወቅህ ቀኝ እጅህን ብቻ ነጥለህ ወደኋላ አትሳበው። ግራ እጅህ የራኬቱን አንገት እንደያዘ ትከሻህን አዙር፣ ሁለቱም እጆች አብረው ይሄዳሉ። ግራ እጅህ ራኬቱን ሲለቅም ወደ ታች እንዳይወድቅ። ከደረትህ ፊት፣ ከኋላ መስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ቀኝ በኩል ይዘርጋ። ሥራ ፈት የሚመስል እጅ ነው፣ ግን ትከሻህ በደንብ መዞሩን የሚያረጋግጥልህ እሱ ነው። ስትመታም ታጥፎ ወደ ደረትህ ሲሰበሰብ ሰውነትህ ቶሎ እንዲዞር ያግዛል። ቀኝ ክርንህ በዚህ ሰዓት ከሰውነትህ ራቅና ከፍ ይላል፣ የራኬቱ ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ራኬቱ ከጀርባህ ኋላ ከገባ አብዝተኸዋል፣ መልሶ ለማምጣት ጊዜ አይኖርህም።

አሁን ዋናው ነገር። ዳሌህ ወደፊት መዞር ሲጀምር እጅህ ገና ኋላ ነው። ራኬቱ ይወርዳል፣ ፊቱ ወደ መሬት ያያል። ዳሌህና ደረትህ ሲጎትቱት እጅህ ይከተላል፣ ራኬቱ ደግሞ ከእጅህም ወደኋላ ይቀራል። ያን ጊዜ አንጓህ ወደኋላ ይታጠፋል። ራሱ ይታጠፋል ማለቴ ነው፣ አንተ አታጥፈውም። ቪዲዮህን እዚህ ቦታ ላይ ብታቆመው የእጀታው ግርጌ ወደምትመጣው ኳስ ማየት አለበት። ጅራፍ አጩኸህ ታውቃለህ? እጅ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጫፉ መጨረሻ ይደርሳል፣ የሚጮኸው ግን ጫፉ ነው። እጀታውን ሙጭጭ አድርገህ ከያዝክ ይሄ ሁሉ አይሆንም፣ ምክንያቱም ክንድህና ራኬትህ አንድ ላይ ይደርቁና ወደኋላ የሚቀር ነገር ይጠፋል። ከ10 ብትለካው ጭብጥህ 3 ወይም 4 ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ።

ኳሷን ስታገኛት መዳፍህ ወደምትመታበት አቅጣጫ ያያል። አንጓህ ገና ወደኋላ እንደታጠፈ ነው። ቦታው ከፊተኛው እግርህ ትይዩ ወይም ከዚያ ትንሽ ወደፊት ነው። ራኬቱ ከኳሷ ዝቅ ብሎ ይነሣና እየጠረገ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይም በጣም በትንሹ ወደ መሬት ያዘነብላል። ቶፕስፒን የሚመጣው ከዚህ ነው። ኳሷ ወደፊት እየተሽከረከረች ስትበር ከላይዋ ያለው የአየር ግፊት ከታችዋ ካለው ይበልጥና ወደ መሬት ይጫናታል። መረቡ መሃሉ ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፣ ሜዳው ከጫፍ ጫፍ 23.77 ሜትር ነው። ሽክርክሪት በሌለው ጠንካራ ምት መረቡን ከፍ አድርገህ ካሳለፍካት ትወጣለች፣ ዝቅ ካደረግካት መረቡ ይበላታል። መሃል የለም ያልከው ነገር ይሄው ነው። በቶፕስፒን ግን ከመረቡ አንድ ሜትር ከፍ አድርገህ አሳልፈህም ውስጥ ትወድቅልሃለች።

ይህን ጠረጋ የሚሠራው ማነው ካልከኝ ትከሻህ ነው። የላይኛው ክንድህ ትከሻህ ውስጥ እንዳለ ወደ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ከክርን በታች ያለውም አብሮት ይገለበጣል። ቁጭ ባልክበት ሞክረው። ክርንህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ጎንህ ላይ አሳርፈው፣ እጅህን ወደ ቀኝ አውጣው፣ ከዚያ ክርንህን ሳታነቃንቅ ወደ ሆድህ መልሰው። ግራ እጅህን ቀኝ ትከሻህ ላይ ብታደርግ አጥንቱ ሲዞር ይሰማሃል። አንጓህ ምንም አልሠራም። ፎርሃንድ ላይ የሚዞረው ይሄ ነው፣ ክርንህ ከጎንህ ራቅ ብሎ እየሄደ ከመሆኑ በስተቀር። ምቱን ስትጨርስ መዳፍህ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ክርንህ ወደ መረቡ እያየ፣ ራኬቱ በግራ ትከሻህ በኩል ማለፍ አለበት።

ለልምምድ፣ ግራ እጅህን ወደፊት ዘርግተህ ኳስ ጣል፣ ነጥራ ስትነሣ ምታት። በግማሽ ኃይልህ ብቻ። ከዚያ ትንሿን ጣትህንና የቀለበት ጣትህን ከእጀታው ላይ አንሥተህ በሦስቱ ጣቶች ብቻ ይዘህ ጥቂት ምታ። መጨበጥ ስለማትችል ራኬቱ ወደኋላ መቅረቱ ግድ ነው፣ ስሜቱን ያኔ ትይዘዋለህ።

ግራኙ፦

የሦስት ጣቷን ልምምድ ስትሠራ ፊት ለፊትህ ሰው እንዳይኖር። ራኬት 300 ግራም ገደማ ነው፣ ከእጅ ሲያመልጥ ግን ለተመታው ሰው 300 ግራም አይመስለውም።

መረብ_መቺ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አያያዜን አየሁት፣ 3ኛው ገጽ ላይ ነው፣ ስለዚህ ግራኙ ተረጋጋ።

እህቴ፣ የትከሻውን ነገር ቁጭ ብዬ ሞከርኩት፣ በጣም ገባኝ። ከዚያ ቪዲዮውን ባልሽው ቦታ ላይ አቆምኩት። ግራ እጄ ኳሷ ገና መረቡን ሳታልፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የእጀታዬ ግርጌ የሚያየው ወደ ኳሷ ሳይሆን ወደ ሆዴ ነው። ኳሷንም የማገኛት ቀኝ ዳሌዬ አጠገብ ነው። ይሄ ዘግይቷል የሚባለው ነው? ከሆነስ ክንዴን ፈጠን አድርጌ ልወርውረው?

የአንጓዬ ጥያቄ ደግሞ እስካሁን በቀጥታ አልተመለሰም። ልቀልብሰው ወይስ አልቀልብሰው?

ቤዝላይን፦

አንጓውን እኔ ልውሰደው። አትቀልብሰው።

ኳስ የራኬቱ ክር ላይ የምትቆየው ከ4 እስከ 5 ሺኛ ሰከንድ ያህል ነው። ሰው የሆነ ነገር አይቶ ለመንቀሳቀስ ከ200 ሺኛ ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ «ኳሷን ስነካ አንጓዬን ቀልበስ አደርጋለሁ» ብለህ ብትወስን አንጎልህ ትእዛዙን ሳይጨርስ ኳሷ ሄዳለች። በተግባር የሚሆነው ቀድመህ መቀልበስህ ነው፣ ያን ጊዜ የራኬቱ ፊት ወደ መሬት ይዘጋና ኳሷ መረብ ትገባለች። ዘግይተህ ከቀለበስከው ደግሞ ፊቱ ክፍት ሆኖ ይቀርና ትወጣለች። ስምህን ያገኘኸው ከዚሁ ይመስለኛል፣ መረብ_መቺ 😄

ባለሙያዎቹን በዝግታ ስታያቸው አንጓቸው ከምቱ በኋላ ወደፊት ሲሄድ ታያለህ። ያ ራኬቱ በጉዞው ይዞት የሄደ ነው። ጓደኛህ እሱን አይቶ ነው «ቀልብስ» ያለህ። ሌላኛው «ንቅንቅ እንዳይል» ያለህ ደግሞ በመምቻዋ ቅጽበት አንጓው ወደኋላ እንደታጠፈ ረግቶ ስላየው ነው። ዓይኑ አልዋሸም፣ ምክሩ ግን ክንድህን ያደርቀዋል። ስለ አንጓህ ምንም አለማሰብ ነው የሚሻልህ። ጭብጥህን አላላ፣ የቀረውን ለራኬቱ ተውለት።

ኮቿ፦

አዎ፣ ዳሌህ አጠገብ ካገኘሃት ዘግይተሃል። ክንድህን ፈጠን አድርገህ ብትወረውረው ግን ክንዱ ተራውን ይዘላል፣ እዚያው ችግር ውስጥ ትመለሳለህ። የዘገየው ዝግጅትህ ነው። ኳሷ አንተ ጋ ከመንጠሯ በፊት ትከሻህ ዞሮ ማለቅ አለበት። አሁን በዓይነ ሕሊናዬ ሳይህ ኳሷ ስትነጥር ነው መዞር የምትጀምረው፣ ከዚያ ትቻኮላለህ፣ ስትቻኮል ክርንህን ትሰበስባለህ፣ ክርንህ ጎንህ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ የጠየቅኸው ነገር ምንጩ ይሄ ነው እንጂ ክርንህ ብቻውን ያጠፋው ነገር የለም።

አንድ የምወዳት ልምምድ አለች። አጥሩን ከኋላህ አድርገህ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብለህ ቁምና ሰው ኳስ በእጁ ይወርውርልህ። ራኬትህ አጥሩን ከነካ ወደኋላ አብዝተህ ስበሃል ማለት ነው። ጥቂት ጊዜ አጥሩን ካንኳኳህ በኋላ ሰውነትህ ራሱ ማጠሩን ይማራል፣ እኔ መጮኽ አያስፈልገኝም።

ደግሞ ስትቀርጽ ከጎን ብቻ አትቅረጽ። ከጎን የሚታየው ኳሷን የት እንዳገኘሃት ነው። ክርንህ ከጎንህ ምን ያህል እንደራቀ ከኋላ ነው በደንብ የሚታየው። ስልክህ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ከሆነ በሱ ቅረጸው፣ በተራው ቪዲዮ ራኬቱ ጭጋግ ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ግራኙ፦

አጨራረሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ራኬቱ በግራ ትከሻ በኩል ማለቁ ሕግ አይደለም። ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ላይ ራኬቱ ወደ ግራ ክንድህ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ ጎንህ ቢያልቅ ይመቻል። ዝቅ ያለች ወይም የዘገየህባት ኳስ ላይ ደግሞ ናዳል ያደርገው እንደነበረው ከራስህ በላይ አዙረህ በዚያው በመምቻ እጅህ በኩል ጨርስ። እኔ ሲጨንቀኝ ሁልጊዜ በሱ ነው የምወጣው።

ኮቿ፦

ግራኙ፣ ሲጨንቅህ በሱ መውጣትህን አልነቅፍም። ግን ገና ለሚማር ሰው አትምከረው። ከራስ በላይ የሚያልቀው ምት መዘግየትን ይሸፍናል። ልጁ ደግሞ ሊያስተካክል የመጣው መዘግየቱን ነው። በሰዓቱ መምታት ሲለምድ ያን ጊዜ ትሰጠዋለህ። ናዳል ያንን ምት ኳሷ ከፊቱ እያለችም ይመታው ነበር፣ ችሎታው እዚያ ላይ ነበር።

ፊዚዮ፦

ሁላችሁም ስለ ምቱ እያወራችሁ ሰውየው ክርኔን ያመኛል ያለውን አልፋችሁታል።

ወንድሜ፣ «የቴኒስ ክርን» የሚባለው ሕመም በክርን ውጪኛው በኩል ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከባክሃንድና እጀታን አጥብቆ ከመያዝ ነው። የአንተ ከውስጥ በኩል ነው አልክ። እዚያ ጋ የሚጋጠሙት አንጓን ወደፊት የሚያጥፉትና ከክርን በታች ያለውን ክንድ የሚገለብጡት ጡንቻዎች ናቸው። ክንድህን ገትረህ ዘርግተህ፣ ዘግይተህ፣ አንጓህን እየቀለበስክ ስትመታ ትከሻ መሸከም የነበረበትን ሁሉ በነዚህ ትንንሽ ጡንቻዎች ላይ ነው የጫንከው። ኮቿ ጅራፍ ስላነሣች ነው፣ ያንተ ክርን ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ሆኖብሃል።

ለጊዜው ጠንካራ ምት አቁም። ሕመሙ ሲቀንስ ቀለል ያለ ክብደት በእጅህ ያዝ፣ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ መዳፍህን ወደ ላይ አድርግ። በሌላው እጅህ አግዘህ አንጓህን ወደ ላይ እጠፈው፣ ከዚያ ያለ እርዳታ ቀስ ብለህ አውርደው። ጥቅሙ ያለው ሲወርድ ነው፣ አትቸኩል። የቀለበት ጣትህና ትንሿ ጣትህ ከደነዘዙ ወይም ከወረሩህ ግን ልምምዱን ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ።

የእጀታህን ውፍረትም እየው። ራኬቱን ይዘህ በቀለበት ጣትህ ጫፍና በመዳፍህ መካከል የሌላው እጅህ አንድ ጣት መግባት አለበት። ክፍተት ከሌለ እጀታው ቀጥኖብሃል፣ እንዳይዞርብህ ስትል ሳታውቀው ሙጭጭ አድርገህ ትይዘዋለህ።

መረብ_መቺ፦

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። ጣቴ አይደነዝዝም፣ እጀታውም ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ክሬ ፖሊስተር ነው፣ 26 ኪሎ ላይ ነው የተወጠረው፣ ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው ሲሉኝ አስገባሁት። እሱም አስተዋፅኦ ይኖረው ይሆን?

ፊዚዮ፦

ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንተም በለኝ።

አዎ፣ ይኖረዋል። ፖሊስተር ደረቅ ክር ነው፣ 26 ኪሎ ላይ ደግሞ ድንጋጤውን ሁሉ ለክንድህ ነው የሚያስተላልፈው። ባለሙያዎቹ ክራቸውን ለየጨዋታው ያስቀይራሉ፣ በዚያ ላይ ክንዳቸው እንደ ክንዳችን አይደለም። አንተ ለስለስ ያለ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራውን ዓይነት አስገባና 23 ኪሎ አካባቢ አስወጥረው። ኳሷ ትንሽ ትርቅብህ ይሆናል፣ ለሱ ኮቿ ያስረዳችህ ቶፕስፒን አለልህ። ራኬቱን ራሱን ግን አሁን አትቀይር። ሁለቱን በአንዴ ከቀየርክ ክርንህ ሲሻለው የትኛው እንደረዳህ አታውቅም።